በቁጣና በእጃችን መካከል

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

ወደ ነገራችን ሳንገባ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ለአንድ ደቂቃ ዝም እላለሁ። እናንተ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍሱ ቁጠሩ። አንዴ ገብቶ አንዴ ሲወጣ አንድ ይባላል። ሰዓት መያዝ አያስፈልጋችሁም፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። ባጃጅ የምትነዱ፣ ሞተር ላይ ያላችሁ ግን ተዉት፤ ቤት ስትገቡ ትቆጥራላችሁ። በሉ ጀምሩ።

(አንድ ደቂቃ ጸጥታ)

ስንት ሆነላችሁ? ጤነኛ ዐዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚያ ካለፈ ምናልባት ዳገት ወጥታችሁ ገና መግባታችሁ ይሆናል፤ ትኩሳትም ትንፋሽን ያፈጥናል። አርባ ምንጭ ተቀምጦ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ሬዲዮኑን ዘግቶ ለወባ መመርመር ነው ያለበት። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ገና መቁጠር ስትጀምሩ ትንፋሻችሁ ተለወጠ። ረዘመ፣ ወይም ተዛነፈ፣ ወይም የሆነ ቦታ ላይ ያዝ አደረጋችሁ። ልባችሁን ቀስ በል ብትሉት አይሰማችሁም። ጨጓራችሁም፣ ጉበታችሁም እንዲሁ። ትንፋሽ ግን ስትተኙም ስትረሱትም ራሱን ችሎ ይሠራል፤ ባዘዛችሁት ጊዜም ይታዘዛል። ከሰውነታችን ሥራዎች ውስጥ እንዲህ ሁለት ጌታ ያለው ጥቂት ነው። የዛሬው ርእሳችን ዮጋ ብዙውን ሥራውን የሚሠራው በዚህ በኩል ነው። የሚፈልገውም የውስጥ ነፃነት የሚባለውን ነገር ነው።

የውስጥ ነፃነት ሲባል ብዙ ሰው ከጭንቀት ሁሉ የተገላገለ፣ ምንም የማይነካው፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሰው ይታየዋል። እንደዚያ ያለ ሰው አላውቅም፤ ካለም ጎረቤቱ መሆን የምፈልግ አይመስለኝም። እኔ የምናገረው ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ነገር ነው። ሰው ይሰደባል፣ ይናደዳል። ከዚያ እጁ ይነሳል ወይም አፉ ይከፈታል። በንዴቱና በእጁ መካከል አንዲት አጭር ጊዜ አለች። ያችን ጊዜ ያየና የተጠቀመባት ሰው በዚያች ሰዓት ነፃ ነው። ሳያያት ያለፈችው ሰው ደግሞ ጌታው ሰዳቢው ነው፤ የሚያደርገውን የወሰነለት እሱ ነዋ።

ይህችን ጊዜ ጋሞ ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቃታል። አብዛኞቻችሁ የምታስታውሱት ስለሆነ ታሪኩን አላረዝመውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ መካከል ሽመና ይዘው ሸገር የገቡ የጋሞ ልጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ገንፍሎ ወጣ። ወንድሙ የሞተበት፣ አጎቱ የት እንደ ደረሰ ያልታወቀ፣ ስልክ ሲደውል የማይነሳለት ወጣት ነው የወጣው። ብድሩን እዚሁ ከተማ ውስጥ አብሮት በሚኖር፣ በነገሩ እጁ በሌለበት ሰው ላይና በንብረቱ ላይ ሊመልስ ነው የተነሳው።

የጋሞ አባቶች ያን ጊዜ እርጥብ ሳር ይዘው ወጡ። ወጣቱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ዱላ አልያዙም፤ ከኋላቸውም ያቆሙት ጦር የለም። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ከነውርም በላይ ጎሜ ነው። ጎሜ የፈጸመ ሰው ጣጣው በራሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ለዘመድ፣ ለከብት፣ ለዝናብም ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ወጣቱ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ በአገሩ ሁሉ ዞረ፤ ብዙ ሰው አይቶት አለቀሰ።

ስለዚያ ቀን ሲወራ ምስጋናው በአብዛኛው ለአባቶች ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ወጣቱ ነው። መንበርከክ የሽማግሌው ሥራ ነበር። መቆም ግን የወጣቱ ነው። ደሙ ፈልቶ፣ ጓደኛው ከኋላ እየገፋው፣ ድንጋዩ በእጁ ላይ ሳለ እንዴት ቆመ? በዚያች ደቂቃ ስብከት ሰምቶ አይደለም፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ስብከት የሚሰማ ጆሮ የለም። የቆመው ከልጅነቱ ጀምሮ መቆምን ስላየና ስለተለማመደ ነው። አባቱ ዱቡሻ ወደሚባለው የጋሞ ጉባኤ ሲወጣ ተከትሎ ሄዷል። ጉባኤው በምርቃት ሲከፈትና በምርቃት ሲዘጋ ሰምቷል። የተጣሉ ሰዎች ተራ በተራ ሲናገሩ፣ የሌላውም ንግግር እስኪያልቅ ሲጠብቁ አይቷል። መሬት ተወሰደብኝ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ ተራው እስኪደርስ ተቀምጦ ሲጠብቅ አይቷል። ሰላም በነበረበት ዘመን በየጊዜው የተለማመደው ነገር በክፉው ቀን ደረሰለት።

ከዚህ ተነስቼ የዛሬውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስቀምጠው፦ ቁጣ ሲመጣ መቆም የሚችል ሰው ቁጣው ሳይመጣ መቆምን የተለማመደ ሰው ነው። ዱቡሻ ይህን ልምምድ ለማኅበረሰቡ በአንድነት ይሰጠዋል። ዮጋ ደግሞ አንድን ሰው ለብቻው፣ በቤቱ፣ በሰሌኑ ላይ ያለማምደዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። በዱቡሻ የሚይዝህ የሰው ዓይንና ጎሜ ነው። በዮጋ ግን ማንም አያይህም። የምልህ ግን ልጆቻችን ዛሬ ከዱቡሻ ርቀው በኪራይ ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ በባሕር ማዶም ይኖራሉ። እዚያ ሳር ይዞ የሚንበረከክላቸው ሰው የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ዮጋ ምንድን ነው? በስልካችን የምናየው ጠባብ ሱሪ ለብሳ እግሯን ጆሮዋ ላይ የሰቀለች ወጣት ናት። ያ ዮጋ አይደለም አልልም፤ ግን ከዮጋ ትንሹ ክፍል ነው። ትምህርቱ ከህንድ የመጣ ሲሆን ከሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። በጽሑፍ ካደራጁት ጥንታዊ መምህራን ስሙ በጣም የሚነሳው ፓታንጃሊ ነው። የእሱ መጽሐፍ ወደ 196 የሚደርሱ በጣም አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። እነሱም ስለ መገለባበጥ አያወሩም፤ አቀማመጥ የጸናና የማያስጨንቅ ይሁን ነው ፍሬ ነገራቸው። የቀረው ሁሉ ስለ ሐሳብ፣ ስለ ጠባይ፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ተመስጦ ነው።

ፓታንጃሊ መንገዱን በስምንት ክፍል ከፍሎታል። ስምንቱን ሁሉ ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም፤ የመጀመሪያውን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው እሱን ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ከሰው ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት ነው፤ በውስጡም ከሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው አሂምሳ ነው። ሕይወት ያለውን ነገር አለመጉዳት ማለት ነው፤ በእጅም፣ በአፍም፣ በሐሳብም። ማህተመ ጋንዲ የእንግሊዝን አገዛዝ የታገሉበት መርሕ ይኸው ነው። አቀማመጥ በዝርዝሩ ሦስተኛ ላይ፣ ትንፋሽ አራተኛ ላይ ይመጣል። እንግዲህ ጎረቤቱን እየበደለ ተገልብጦ በጭንቅላቱ የቆመ ሰው በፓታንጃሊ ሚዛን ገና አንደኛ ክፍል አልገባም።

ዛሬ በዓለም ላይ የምናየው የአቋቋም ዓይነት ብዛት በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዳበረ ነው። ከመምህራኑ አንዱ ቢ ኬ ኤስ አየንጋር ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲያጠፋ ነው፤ እናታቸውም በዚያው ታመው ነበር። በልጅነታቸው ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና ታይፎይድ ተፈራርቀውባቸዋል። ደረታቸው የሰለለ፣ አንገታቸው ራሳቸውን መሸከም የከበደው ልጅ ነበሩ። በ15 ዓመታቸው ገደማ የእህታቸው ባል ማይሶር ከተማ ወስደው ዮጋ አስጀመሯቸው። በ95 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያርፉ ትምህርታቸው በብዙ አገር ተዳርሶ ነበር። የሳቸውን ታሪክ ያመጣሁት ዮጋ ወባ ይፈውሳል ለማለት እንዳይመስላችሁ። ለጠንካራና ለቀጭን ሰው ብቻ የተሠራ ነገር ነው ለሚሉት ነው። አየንጋር ገመድ፣ ወንበር፣ የእንጨት ድጋፍ እየተጠቀሙ በሽተኛውንም ሽማግሌውንም ያስተምሩ ነበር።

ለኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዩኔስኮ ዮጋን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው፤ ጉባኤው የተደረገው አዲስ አበባ ላይ ነበር። በዚያው ጉባኤ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል። ዮጋና ገዳ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ መመዝገባቸውን ስንቶቻችን እንደምናውቅ እንጃ። ዓለም አቀፉ የዮጋ ቀን በየዓመቱ ሰኔ 14 ይከበራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሲሆን መከበር የጀመረውም በዚያው ዓመት ሰኔ ነው። ከህንድ ጋር ደግሞ እንግዳ አይደለንም። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። በየዩኒቨርሲቲያችንም አስተምረዋል።

አሁን ወደሚከብደው ጥያቄ ልግባ። ዮጋ ሃይማኖት ነው ወይ? በዚህ አካባቢ ወንጌላዊ አማኝ ብዙ ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም አለ። ጥያቄው የሚነሳው ከሁሉም ወገን ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። ሥሩ ህንድ ነው፤ ያደገውም በሂንዱ፣ በቡዲስትና በጃይን እምነቶች ውስጥ ነው። በአንዳንድ ቦታ የሚዜሙት ቃላት የጸሎት ቃላት ናቸው። ይህን የሚደብቅ አስተማሪ ካጋጠማችሁ እውነቱን አልነገራችሁም። በሌላ በኩል ወገብን ማቅናትና ትንፋሽን ማስረዘም የማንም ሃይማኖት ርስት አይደለም። ህሊናችሁ የማይቀበለውን ቃል አትበሉ። የማይቀበለውን ምስል ፊታችሁ አታስቀምጡ። ግራ ከገባችሁ የንስሐ አባታችሁን፣ ፓስተራችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ። ያኔም ቢሆን ዛሬ የምነግራችሁ የትንፋሽ ልምምድ ከእምነታችሁ ጋር የሚጋጭ ነገር ያለው አይመስለኝም።

እንዲያውም አንድ ጥናት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2001 በጣሊያን ፓቪያ ከተማ ያሉ ሐኪሞች 23 ጤነኛ ሰዎችን አጠኑ። ሰዎቹ አንዴ በላቲን የካቶሊክ የመቍጠሪያ ጸሎት፣ አንዴ ደግሞ የዮጋ ቃል እንዲደግሙ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ወረደ። የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ውጣ ውረድም ከትንፋሹ ጋር ተስማማ። ስድስት ማለት መጀመሪያ ላይ ከቆጠራችሁት ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። የካቶሊኩ ጸሎትና የዮጋው ቃል እዚያው ቁጥር ላይ ደርሰዋል። የእኛ አባቶችና እናቶችም መቍጠሪያ ይዘው እግዚኦ ሲሉ፣ በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ፣ ምዕመኑ በማለዳ የጥሞና ጊዜ ሲወስድ፣ ሙስሊሙ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሲቆይ፣ ዓላማቸው ፈጣሪያቸው ነው። ትንፋሹ ሳይጠሩት አብሮ ይረጋጋል።

በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከሳንባችን በታች፣ በደረትና በሆድ መካከል፣ ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ ተዘርግቷል። ሲወርድ አየር ይገባል፣ ሲወጣ አየር ይወጣል። ስንናደድ ወይም ስንፈራ ይህ ጡንቻ በደንብ አይወርድምና በአብዛኛው በላይኛው ደረታችን እንተነፍሳለን፤ ትከሻችን ይነሳል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ክንድና ወደ ጭን ይሮጣል። ሰውነታችን ለመምታት ወይም ለመሸሽ ተዘጋጀ ማለት ነው። ይህን የሚመልሰው ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የሚባል ነርቭ ነው። አየር ስንስብ ልብ በመጠኑ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም ነርቩ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ጣታችሁን የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ብትሞክሩት ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሐኪም አያስፈልገውም።

በሉ እንሞክረው። መቀመጫችሁ ምንም ይሁን ምን፣ በርጩማ፣ አልጋ ጫፍ፣ መሬት፣ ሁሉም ይሆናል። ወገባችሁን ቀጥ አድርጉ፤ እንደ ወታደር ግን አትገተሩ። አንድ እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉ። አፋችሁን ዝጉ። በአፍንጫ፣ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ እጃችሁ ወደ ፊት ይገፋ። አሁን ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። አትያዙት፤ ትንፋሽን መያዝ ለጀማሪ አይመከርም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አስወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። እንደገና።

(ጸጥታ፤ አራት ትንፋሽ ያህል)

ሐሳባችሁ ሄደ? የኔም ሄዷል፤ ነገ ስለሚደርሰው የቤት ኪራይ እያሰብኩ ነበር። ይህ ውድቀት አይደለም። ሐሳቡ እንደ ሄደ ማስተዋልና ወደ ትንፋሹ መመለስ ነው ልምምዱ። ሐሳብ የማይሄድበት ሰው ቢኖር ምንም የሚለማመደው ነገር የለውም። ቁጣ ሲመጣም የሚያስፈልገን ይህችው ትንሽ ችሎታ ናት፤ ሄጃለሁ ብሎ ማወቅ።

ይህን በቀን አምስት ደቂቃ፣ ጠዋት ብታደርጉት ይበቃል። አርባ ምንጭ ላይ ጠዋት ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ጨንቻና ዶርዜ ላላችሁት ግን ተቃራኒው ነው፤ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ ወይም ጋቢያችሁን ደርቡ። አርባ ምንጭ ላይ፣ ምንጮቹ አጠገብ ካለው ደን ውስጥ ቁጭ ብዬ ልሞክር የምትሉ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ዳቦ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ዝንጀሮ ለተመስጦ ክብር የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ስለ ሰውነት። በተለይ ለሸማኔዎች ልናገር። ዶርዜ ላይም ይሁን ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይውላል። ወገቡ ይጎብጣል፣ አንገቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ትከሻው ይጠብባል። የጎበጠ ደረት ደግሞ ሙሉ ትንፋሽ አያስገባም፤ ድያፍራሙ የሚወርድበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ትንፋሹን ከማስረዘማችን በፊት ቦታ ልንሰጠው ይገባል። በመሐል በመሐል ተነሱ። ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቁሙ፤ ተረከዛችሁ፣ ትከሻችሁ፣ የራስ ቅላችሁ ግድግዳውን ይንካ። ክንዳችሁን ወደ ላይ ዘርጉና አምስት ረጅም ትንፋሽ ተንፍሱ። ከዚያ በእጃችሁና በጉልበታችሁ ሆናችሁ እንደምትንበረከኩ መሬት ላይ ሁኑ። አየር ስትስቡ ደረታችሁን ወደ ፊት፣ ስታስወጡ ጀርባችሁን ወደ ላይ አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ። ማታ ደግሞ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እግራችሁን ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የዋለ እግር ይህን ይወደዋል። ጥጥ የምትፈትሉ እናቶችም አንድ ወገን ላይ ብቻ ታርፋላችሁና ሁለቱንም ወገን መዘርጋት አትርሱ።

ሸማኔን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ስድብ ሳልናገር ባልፍ ራሴን ሸፋፈንክ ብዬ እታዘበው ነበር። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያለብሰንን ሰው በሙያው መስደብ የተለመደ ነውር ነው። በጋሞ ውስጥም ቢሆን ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖች ለብዙ ዘመን ከመሬትም ከጉባኤም ተገልለው ኖረዋል። ያን ያመሰገንነው ዱቡሻ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ለሴቶችም አልነበረም። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች በውስጣችሁ ነፃ ሁኑ፣ ረጅም ተንፍሱ ብዬ ብሄድ ምን ማለት ነው? ዝም በሉ ማለት ነው። ዮጋን እንዲህ አድርገው የሚሸጡ አሉ፤ ደመወዝ አትጠይቅ፣ ተንፍስ የሚሉ። እኔ አልቀበለውም። የውስጥ ነፃነት የውጭውን አይተካም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ለተሰደበ ሰው፣ መልሱን ራሱ እንዲመርጥ ይጠቅመዋል። አንዱ ይከሳል፣ አንዱ በአደባባይ ይናገራል፣ አንዱ ደግሞ ስቆ ያልፋል። የሚመርጠው እሱ እስከ ሆነ ድረስ ሁሉም የነፃ ሰው ሥራ ነው። በሩ ተዘግቶበት ላለ ሰውም ሳይቀር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዴልሂ ከተማ በሚገኘው በትልቁ የቲሃር እስር ቤት ከ1,000 የሚበልጡ እስረኞች ለአሥር ቀን በዝምታ ተቀምጠው ተመስጦ ተማሩ። የዮጋ ዘመድ የሆነውን፣ ቪፓሳና የሚባለውን ተመስጦ ነው ያስተማሯቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሠሩት ሌላ ነገር አልነበረም፤ በአፍንጫቸው የሚገባና የሚወጣውን አየር መመልከት ብቻ ነው። ትምህርቱ በሩን አልከፈተላቸውም፤ ፍርዳቸውንም አላነሳላቸውም። የእስር ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ኪራን ቤዲም በእስር ቤቱ ምግቡን፣ ሕክምናውንና የአቤቱታውን ሥርዓት አብረው ለማሻሻል ሞክረዋል። ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው የምለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ጥንቃቄዎች አሉ፤ እነዚህን ሳትሰሙ አትሂዱ። ደም ግፊት ያለባችሁ፣ የዓይን ግፊት ያለባችሁ፣ ራስን ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ነገር አትሞክሩ። ነፍሰ ጡር እናቶች በሆድ መተኛትና ሆድን አጥብቆ መጠምዘዝ አይገባችሁም፤ ትንፋሹ ግን ይጠቅማችኋል። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ወደ ፊት አይጎንበስ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ የስኳርም ይሁን የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ፣ ዮጋ ጀመርኩ ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ። ሲያማችሁ ተዉት፤ መሳብ እንጂ መውጋት የለበትም።

ሌላም አለ። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው፣ ጦርነት ያየ፣ የተፈናቀለ፣ በልጅነቱ የተበደለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተነሱ፣ በእግራችሁ ተራመዱ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር አውሩ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ መሄድ አያሳፍርም። ለእንዲህ ያለ ሰው ከመቀመጥ ይልቅ እየተራመዱ ትንፋሽን መቁጠር ይሻላል፤ አራት እርምጃ ሲስቡ፣ ስድስት ሲያስወጡ።

አንዲት እናት ልጄ ከትምህርት ቤት እየተደባደበ ይመጣል፣ ይህን ላስተምረው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ እላለሁ፤ ግን በተደባደበበት ቀን አይደለም። በዚያ ቀን ተረጋጋ፣ ተንፍስ ቢባል ቅጣት ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ የሚለውን ቃል ራሱን ይጠላል። ከእራት በፊት፣ ደስ ባለው ሰዓት፣ አብራችሁት ተቀምጣችሁ አሥር ትንፋሽ ይበቃዋል። ለልጅ ሆዱ ላይ ትንሽ መጽሐፍ አስቀምጣችሁለት ከፍ ዝቅ ሲል እንዲያየው ብታደርጉ ይስቃል፤ እየሳቀም ይማራል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ሸማኔ ወገብና ስለ መቀመጫው አሠራር በሰፊው እንነጋገራለን። ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ ከጀርባ ምን ይደገፍ፣ ብርሃኑ ከየት ይምጣ የሚለውን እንመለከታለን። ሽመና ቤት ያላችሁ፣ ያላችሁበትን አቀማመጥ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ እንዲያያችሁና ጀርባችሁ የት ላይ እንደሚጎብጥ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ለዛሬ እዚህ ላይ አበቃሁ፤ ደህና እደሩ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)